የሌለ ውሳኔ ጠቅሰናል፤ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ለአንጋፋ ጠበቃ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ የክርክር ጽሑፎችን ሳዘጋጅ ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እጠቀማለሁ። አለቃዬ ይህን አያውቁም። ሥራዬ መፍጠኑን ግን አይተው ደጋግመው አመስግነውኛል።

ባለፈው ሳምንት ለቃል ክርክር ስዘጋጅ፣ ቀደም ብለን ባስገባነው የጽሑፍ ክርክር ላይ የጠቀስኩትን አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሙሉ ቃሉን ላነብ ፈለግኩ። የለም። በመዝገብ ቁጥሩ የተመዘገበው ከእኛ ጉዳይ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ክርክር ነው። መሣሪያውን መልሼ ብጠይቀው "አዎ፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነው" አለኝ። በጽሑፉ ላይ የፈረሙት አለቃዬ ናቸው። ተቃራኒው ወገን እስካሁን ምንም አላለም፤ ለችሎቱ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። አብሮኝ የተማረ ወዳጄ "ማንም አያጣራም፤ ያ ነጥብ በቃል ክርክሩ ላይ ሳይነሳ ከታለፈ ተረስቶ ይቀራል" ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሌላም አለ። የደንበኛችንን ውልና ደብዳቤዎች እንዳሉ ወደ መሣሪያው አስገብቼ ጨምቆ እንዲያቀርብልኝ አድርጌአለሁ። የምጠቀመው ነጻውን አገልግሎት ነው።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ከእንግዲህ ይህን መሣሪያ እርግፍ አድርጌ ልተወው? ደንበኞቻችንን የምናስከፍለው በሰዓት ስለሆነ፣ ቀድሞ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረውን ሥራ በደቂቃዎች ስጨርስ ምን ብዬ ነው የምመዘግበው?

ስሜ እንዳይጠቀስ የምፈልግ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ይናገሩ። ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ። ሌሎቹን ጥያቄዎችዎን ቀስ ብለን እናያቸዋለን፤ ይህኛው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እያሉ የሚያጽናኑዎት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ተቃራኒው ወገን ቀድሞ ካጠራው ግን ለእርስዎ የሚተርፈው ቅጣት ነው።

ወዳጅዎ "ማንም አያጣራም" ያሉት ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ የሌለ ውሳኔ መጥቀስ በብዙ አገሮች ፍርድ ቤቶች ዘንድ የታወቀ ችግር ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ጠበቃ የተቃራኒውን ጽሑፍ ሲቀበል የተጠቀሱትን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ይፈልጋል። ሥራው የደቂቃዎች ሲሆን፣ አንዱ ሳይገኝ ቢቀር የሚያስገኘው ጥቅም ግን የዋናውን ክርክር ያህል ሊከብድ ይችላል። የእነርሱ እስካሁን ዝም ማለት "አላዩም" ማለት ላይሆን ይችላል። እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን ለቃል ክርክሩ ቀን አቆየው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ የቀረበውን ክስ ሰምተውት ይሆናል። የሰሙ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያስታውሱት ግማሹን ብቻ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ከሳሹ በበረራ ላይ የአስተናጋጆች ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ያለ መንገደኛ ነበር። አየር መንገዱ ክሱ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል ሲል ተቃወመ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የቆየ ጠበቃ ለዚህ መቃወሚያ መልስ ለማዘጋጀት ቻትጂፒቲን ጠየቀ። መሣሪያውም የተከራካሪዎች ስም፣ የፍርድ ቤት ስምና የመዝገብ ቁጥር የተሟላላቸው ውሳኔዎች ደረደረለት። ስድስቱ ከነጭራሹ አልነበሩም። ጠበቃው በኋላ ስለ አንዱ ውሳኔ "ይህ እውነተኛ ነው?" ብሎ መሣሪያውን ራሱን ጠየቀ፤ እንደ እርስዎ ሁሉ "አዎ" የሚል መልስ አገኘ። በጽሑፉ ላይ የፈረመው ደግሞ ሌላ የቢሮው ባልደረባ ነበር፤ ጥቅሶቹን አላጣራም። ታሪኩ ከእርስዎ ቢሮ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይበሉ።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ትምህርቱ ያለው ግን ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ተቃራኒው ወገን "እነዚህን ውሳኔዎች ማግኘት አልቻልንም" ብሎ ጻፈ። ጠበቆቹ ዝም አሉ። ፍርድ ቤቱ የውሳኔዎቹን ቅጂ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ጠበቆቹ መሣሪያው ራሱ የጻፈውን "የውሳኔ ቅጂ" አቀረቡ። ዳኛው ፒ. ኬቪን ካስቴል ሁለቱን ጠበቆችና ቢሮአቸውን በአንድነት 5,000 ዶላር ሲቀጡ፣ ለደንበኛቸውና ስማቸው በሐሰት ውሳኔዎች ላይ ለተጠቀሰው ዳኞች ደብዳቤ እንዲጽፉም አዘዙ። በዚያው ውሳኔ ላይ ዳኛው ሁለት ነገር አስፍረዋል። አንደኛው፣ አስተማማኝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያን ለእርዳታ መጠቀም በራሱ ነውር እንደሌለበት ነው። ሁለተኛው ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል፦ ጠበቆቹ ጥያቄው እንደተነሳ ሐቁን ቢናገሩ ኖሮ መዝገቡ ሌላ መልክ ይኖረው እንደነበር። እርስዎ ከእነርሱ ይልቅ ዕድለኛ ነዎት፤ ጥያቄው ገና አልተነሳብዎትም። ይህ ዕድል የሚቆየው ግን እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው።

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 አንዲት ጠበቃ በቤተሰብ ጉዳይ ሁለት የሌሉ ውሳኔዎችን በማመልከቻ ላይ ጠቅሳ ተገኝታለች። ፍርድ ቤቱ የማታለል ሐሳብ እንዳልነበራት ተቀብሎ ከከባዱ የወጪ ቅጣት ምሯታል፤ ሆኖም ሌላው ወገን የሌሉትን ውሳኔዎች በመፈለግ ያባከነውን ወጪ ከራሷ ኪስ እንድትከፍል አድርጓል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለት ተመሳሳይ ጉዳዮችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። በአንደኛው ከቀረቡት 45 ጥቅሶች መካከል 18ቱ የሌሉ ውሳኔዎች ነበሩ። የሚገርመው፣ ፍለጋውን ያካሄደው ደንበኛው ራሱ ሲሆን ጠበቃው በደንበኛው ሥራ ተማምኖ ሳያጣራ ነው ያቀረበው። ዳኛዋ ዴም ቪክቶሪያ ሻርፕ በጻፉት ውሳኔ ጠበቆቹ ወደ ሙያ ተቆጣጣሪዎቻቸው የተመሩ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ጥፋት ከግሣጼና ከወጪ ክፍያ ጀምሮ ፍርድ ቤትን በመድፈር እስከመጠየቅ፣ ሲከፋም ለፖሊስ እስከመመራት ሊያደርስ እንደሚችል ተገልጿል። ይህን የምነግርዎት ላስፈራራዎት አይደለም። ራሱ ተናግሮ ያረመ ሰውና ተይዞ ያመነ ሰው በፍርድ ቤት ፊት አንድ እንዳልሆኑ እንዲያዩልኝ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ያንን የጽሑፍ ክርክር ከዳር እስከ ዳር ይክፈቱት። ያገኙት አንድ ሐሰተኛ ጥቅስ ብቻ ስለሆነ አንድ ብቻ ነው ብለው አይገምቱ። እያንዳንዱን ውሳኔና እያንዳንዱን የሕግ አንቀጽ ከመጀመሪያው ምንጭ፣ ማለትም ከፍርድ ቤቱ መዝገብ፣ ከታተመው የውሳኔዎች ስብስብ ወይም ከሕጉ ጋዜጣ ላይ አውጥተው ያንብቡ። መኖሩን አይተው አያቁሙ። እርስዎ ይላል ያሉትን ነው ወይ የሚለው? ከዚያ በኋላ በሌላ ውሳኔ ተሽሯል ወይስ አንቀጹ ተሻሽሏል? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ይበልጥ አድካሚ ናቸው። በተጨማሪ ባለፈው አንድ ዓመት በዚሁ መንገድ ያዘጋጇቸውን ሌሎች መዝገቦች ዝርዝር ያውጡ። ይህ እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ አለቃዎ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግን "ሌላስ አለ?" የሚል እንደሚሆን አይጠራጠሩ።

ከመሣሪያው ጋር ያደረጉትን ምልልስ እንዳያጠፉ። ማጥፋት የሚያምርዎት ጊዜ ይመጣል፤ ምናልባትም መጥቷል። ምልልሱ የፈጠራው ምንጭ እርስዎ እንዳልሆኑ የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃዎ ነው። አጥፍተውት ከተገኙ ደግሞ ከግድየለሽነት የማያልፈው ስህተት ማስረጃ ወደ ማጥፋት ይሻገራል።

ቀጥሎ አለቃዎ ዘንድ ይግቡ። ደብዳቤዎን ሳነብ የተረዳሁት ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የሚፈሩት ይህን በር መሆኑን ነው። ምስጋናቸውን በልተዋል፤ አሁን ምስጋናው የተገኘበትን መንገድ መናገር ሊኖርብዎ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከእርሳቸው ወገን ይዩት። ፊርማው የእርሳቸው ነው። ለፍርድ ቤቱ "ይህ እውነት ነው" ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ ፈቃዳቸውን ሊያጡ የሚችሉትም እርሳቸው ናቸው። እርስዎ የሚያውቁትን እርሳቸው ሳያውቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ችሎት ፊት ይቆማሉ፤ ዳኛው "ይህን ውሳኔ ያቅርቡ" ቢሏቸው ምን ይመልሳሉ? ሲነገራቸው ሊቆጡ ይችላሉ፤ ሥራዎን ሊያጡም ይችላሉ፤ ይህ አይሆንም ብዬ አልሸነግልዎትም። ወደዚያ ችሎት ባዶ እጃቸውን ገብተው ከወጡ በኋላ ከሚሰሙት ግን ዛሬ ከእርስዎ አፍ መስማታቸው ይሻላል።

ሲገቡ ወረቀት ይዘው ይግቡ፤ የተመሳከሩትን ጥቅሶች ዝርዝር፣ የሐሰተኛውን ገጽና መስመር፣ እንዲሁም የማረሚያ ረቂቅ። "መሣሪያው አሳሳተኝ" በሚል አይጀምሩ። መሣሪያው ቃለ መሐላ አልፈጸመም። "ሳላጣራ ጠቅሻለሁ፣ እንዲህ ሆኗል፣ ማረሚያው ይኸውና" ይበሉ። አለቃዎ ራሳቸውም ቢሆኑ ሳያነቡ መፈረማቸውን ያውቁታል፤ እርስዎ ግን አያንሱባቸው። የራሳቸው ሒሳብ ነው።

ማረሚያው አጭርና ሙሉ ይሁን። የሚከተለውን ለመነሻ ያህል ይውሰዱት፦

"በዚህ መዝገብ ባቀረብነው የጽሑፍ ክርክር ላይ የጠቀስነው ውሳኔ በተገለጸው ስምም ሆነ ቁጥር የማይገኝ መሆኑን ተረድተናል። ስህተቱ የተፈጠረው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የተገኘ መረጃ ከምንጩ ጋር ሳይመሳከር በመቅረቡ ነው። ጥቅሱንና በእርሱ ላይ ብቻ የተመሠረተውን ክርክር አንስተናል። በጽሑፉ ላይ የተጠቀሱትን ሌሎች ውሳኔዎችና ድንጋጌዎች ከምንጫቸው ጋር አመሳክረን ቅጂአቸውን አያይዘናል። ፍርድ ቤቱንና ተቃራኒውን ወገን ስላንገላታን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ከዚህ በላይ አያስረዝሙት። ሰበብ በበዛ ቁጥር አንባቢው ይጠራጠራል። "አመሳክረናል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በእርግጥ ካመሳከሩ ብቻ ይግባ፤ ማረሚያው ራሱ ማረሚያ ካስፈለገው ነገር ሁሉ አብቅቷል። ቅጂው በዚያው ቀን ለተቃራኒው ወገን ይድረስ። ደንበኛውም ከፍርድ ቤቱ ቀድሞ ወይም እኩል ሊያውቅ ይገባዋል፤ ጉዳዩ የእርሱ ነውና። ቢሮአችሁ የሙያ መድን ካለው መድን ሰጪው በጊዜው መነገር ያለበት መሆኑን ውሉን አንብባችሁ አረጋግጡ። ለፍርድ ቤት ታማኝ የመሆን ግዴታ ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የአገርዎን የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ከአለቃዎ ጋር አውጥታችሁ ተመልከቱ።

መሣሪያው ለምን "አዎ፣ ትክክለኛ ነው" እንዳለዎት ልንገርዎት፤ ይህን ካልተረዱ ነገም ይደገማል። እነዚህ መሣሪያዎች መዝገብ ቤት ገብተው ፋይል አያወጡም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግበው የሠለጠኑት ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ቢከተል እንደሚስማማ ለመገመት ነው። የፍርድ ቤት ጥቅስ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ግምት የተመቸ ነው፤ የከሳሽ ስም፣ በአንጻሩ የተከሳሽ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ቁጥር። ቅርጹን ጠንቅቀው ያውቁታል። ቅርጹ ውስጥ የሚገባው ነገር ሲጎድላቸው የሚመስለውን ይሞሉበታል፤ ሲሞሉም ድምፃቸው አይለወጥም። እውነተኛውንም ፈጠራውንም የሚናገሩት በዚያው በተረጋጋ ቃና ነው። መልሰው "እውነት ነው?" ሲሉት መዝገብ አላየም፤ ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ መልስ ገመተ። የምስክርን ቃል ለማረጋገጥ ያንኑ ምስክር እንደመጥራት ነው። ኢንተርኔት የሚፈልጉት አዳዲሶቹ አገልግሎቶች ምንጭ ስለሚያያይዙ ይሻላሉ፤ ይሁንና ያያያዙትን ከፍቶ ያላነበበ ሰው ምንም አላተረፈም።

አንድ ሰው "ለጠበቆች ተብሎ የተሠራውን በክፍያ ብትገዙ ችግሩ ይወገዳል" ሊልዎት ይችላል። ይቀንሳል እንጂ አይወገድም። እ.ኤ.አ. በ2024 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት የሌክሲስኔክሲስንና የቶምሰን ሮይተርስን የሕግ ምርምር መሣሪያዎች ፈትኖ፣ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተሳሳተ ወይም መሠረት የሌለው መልስ እንደሰጡ አግኝቷል። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ሊያሳስብዎት ይገባል። በእነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውሳኔው ኖሮ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ፣ ያልተባለውን ተብሏል ማለት ነው። የሌለ ውሳኔ ሲፈለግ ይታጣል፣ ነገሩ ያበቃል። ያለ ውሳኔ ያላለውን ሲባልበት ግን የሚይዘው አንብቦ የጨረሰው ሰው ብቻ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሕጉና ውሳኔው በአብዛኛው በወረቀት በተቀመጠበት፣ በኢንተርኔትም ጥቂት ብቻ በሚገኝበት አገር የምትሠሩ ጠበቆች ደግሞ ሌላ አደጋ አለባችሁ። መሣሪያው የእናንተን ሕግ በቅጡ ሳያውቅ የሌላ አገር ሕግ በእናንተ ቋንቋ ይነግራችኋል። የይርጋ ዘመኑ፣ የማስረዳት ሸክሙ፣ የይግባኝ ጊዜው የሌላ አገር ሆኖ ስሙ ብቻ የእናንተ ይሆናል። ለጆሮ አይጎረብጥም፤ ስለዚህም ያልፋል።

ስለ ደንበኛው ሰነዶች ደግሞ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሐሰተኛው ጥቅስ ይልቅ ይህ ሊብስ ይችላል። ጥቅሱ ይታረማል፤ የወጣ ምስጢር ግን ተመልሶ አይገባም። ነጻ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ፣ ተጠቃሚው ቅንብሩን ካልለወጠ በቀር፣ የገባላቸውን ጽሑፍ ለሥልጠና ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ በውላቸው ላይ ይጽፋሉ። አሁኑኑ ቅንብሩን ከፍተው ይህን ይዝጉ፤ ምን ሰነድ መቼ እንዳስገቡ ይመዝግቡ። "እሰርዘዋለሁ" የሚለውም ሙሉ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ኒውዮርክ ታይምስ በመሠረተው የቅጂ መብት ክርክር ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ፣ ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ምልልሶች ጭምር ጠብቆ እንዲያቆይ አዝዞ፣ ትዕዛዙ ለወራት ጸንቷል። ተጠቃሚው ጠፋ ያለው ጽሑፍ በማያውቀው ክርክር ምክንያት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይህም ለአለቃዎ ይነገር፤ ለደንበኛውም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው 512ኛ የሥነ ምግባር አስተያየት፣ የደንበኛን መረጃ ከሚገባለት ጽሑፍ በሚማር መሣሪያ ላይ ከመጫን በፊት ደንበኛው ነገሩን ተረድቶ ሊፈቅድ እንደሚገባ ገልጿል። በጥብቅና ውሉ ላይ በጥቅሉ የተጻፈች አንዲት መስመር በቂ እንዳልሆነችም አክሏል። አስተያየቱ እርስዎን ላይገዛዎት ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በየትኛውም አገር ይሠራል። ደንበኛው የነገረዎት ለእርስዎ ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ደግሞ ለእርስዎም አልነገሩም።

ስም ሰርዞ ማስገባት ይበቃል ወይ ብለው ሳይጠይቁኝ ልመልስ። አንዳንዴ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በአንድ ዘርፍ ውስጥ የተሰማሩት ኩባንያዎች ሦስት ብቻ ሲሆኑ ስም መሰረዝ ማንን ይደብቃል? ቢሮአችሁ መሣሪያውን በቋሚነት መጠቀም ከፈለገ፣ መረጃው ለሥልጠና እንደማይውል፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ የሚያስር ውል ያለው የክፍያ አገልግሎት ይግዛ። እስከዚያው የደንበኛ ወረቀት እንዳይገባ።

እርግፍ አድርገው ይተዉት እንዳልልዎት ደግሞ ጥቅሙን አውቃለሁ። በወቅቱ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሎርድ ጀስቲስ በርስ እ.ኤ.አ. በ2023 ቻትጂፒቲ ስለ አንድ የሕግ ዘርፍ አጭር ማጠቃለያ እንዲጽፍላቸው አድርገው በውሳኔያቸው ውስጥ እንዳስገቡት በይፋ ተናግረዋል። ቀጥለው ያሉት ነው የሚጠቅምዎት፤ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁት ጉዳይ ስለነበር ትክክል መሆኑን ሊለዩ ችለዋል፣ ኃላፊነቱንም ወስደዋል። መለያው ይኸው ነው፦ መልሱ ሲመጣ ስህተቱን መለየት የሚችሉበት ሥራ ላይ ይጠቀሙበት። የጻፉትን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዲያሳጥር፣ ለደንበኛው የሚላከውን ደብዳቤ ከሕግ ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ እንዲመልስ፣ ምስጢር ያልሆነን ረጅም ሰነድ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፤ ከዚያ ከዋናው ጋር ያስተያዩ። የማያውቁትን ሕግ እንዲነግርዎት ግን አይጠይቁት። ከጠየቁም መልሱን ለፍለጋ መነሻ እንጂ ለጽሑፍ አይጠቀሙበት።

ብዙዎች የማያውቁት ጥሩ ጥቅሙ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ለጠያቂው ማድላት ይወዳሉ። "የደንበኛዬ ክርክር ጠንካራ ነው አይደል?" ካሏቸው "እጅግ ጠንካራ ነው" ይላሉ፤ ተቃራኒው ጠበቃ ያንኑ ቢጠይቅ ያንኑ ይሰማል። ስለዚህ ገልብጠው ይጠይቁት። "የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ሁን፤ ይህን ክርክር አፍርሰው። ምስክሬን መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቀው። ዳኛው የሚያነሳቸውን የሚያሳፍሩ ጥያቄዎች ደርድርልኝ" ይበሉት። በዚህ ሥራ ላይ ቢሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ደካማ ጥያቄ ቢጠይቅ ይጥሉታል፣ ያላሰቡትን ቢያነሳ አትርፈዋል። ለቃል ክርክር የሚዘጋጅ ወጣት ጠበቃ ሌሊቱን ሙሉ የማይሰለች ተከራካሪ ማግኘቱን እኔ በበኩሌ ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

በድብቅ መጠቀምዎን ግን ያቁሙ። እርስዎን እዚህ ያደረሰዎት ከመሣሪያው ይልቅ ድብቅነቱ ይመስለኛል። አለቃዎ ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ "ይህን ከየት አመጣኸው?" የምትል ጥያቄ ትኖር ነበር። ቢሮው አጭር መመሪያ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የትኛው መሣሪያ እንደተፈቀደ፣ ምን እንደማይገባበት፣ ጥቅሶችን አውጥቶ ያነበበው ማን እንደሆነ በረቂቁ ጫፍ ላይ በስሙ እንደሚፈርም። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች መሣሪያው ጥቅም ላይ መዋሉ እንዲገለጽላቸው ስለሚጠይቁ፣ የእናንተ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ መመሪያ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀረው የሰዓቱ ሒሳብ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። የሠሩበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ቀድሞ ይፈጅ የነበረውን ሰዓት መመዝገብ ያልሠሩትን ማስከፈል ነው። ከላይ ያነሳሁት የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አስተያየት ይህንኑ በምሳሌ አስቀምጦታል፤ መረጃውን ለመሣሪያው በማስገባት 15 ደቂቃ ያጠፋ ጠበቃ ያንን 15 ደቂቃና የወጣውን ረቂቅ ያረጋገጠበትን ጊዜ ያስከፍላል። የማረጋገጫው ጊዜ በሐቅ ከተመዘገበ ሒሳቡ ከሚያስቡት በላይ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ሳምንት ያዩት ይመስለኛል። ቢሮው በዚህ ገቢው ከቀነሰበት በሥራው ልክ የተቆረጠ ክፍያ ላይ ከደንበኞቹ ጋር አስቀድሞ ይስማማ። ይህን ጥቅስ ለማረም የሚያጠፉት ሰዓት ደግሞ በደንበኛው ሒሳብ ላይ እንዳይታይ። ባለፈው ዓመት ከሠሩበት በላይ የመዘገቧቸው ሰዓቶች ካሉም ተቆጥረው ለደንበኞቹ ሊመለሱ ይገባል፤ ዝርዝሩን አውጥተው አለቃዎ ዘንድ ሲገቡ አብረው ይያዙት፤ ሁለት ጊዜ ከሚገቡ አንድ ጊዜ ይግቡ።